ፊልሙ ነው ወይስ ቴሌቪዥኑ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም ያስተናገድናቸው ደብዳቤዎች በሙሉ የመጡት ከአዲስ አበባ ዳር ዳር ነው። አብዛኞቹ «ፊልሙ አይረባም» ብለው ይጀምሩና እስከ መጨረሻው ሲነበቡ ጥፋቱ የሪሞቱ፣ የጣሪያው ወይም የዲሹ ሆኖ ይገኛል። ጥፋቱ የፊልሙ በሆነበት ቦታ ደግሞ አልራራንለትም።

ጥያቄ፦ የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ነው። በቅርቡ 43 ኢንች ስማርት ቴሌቪዥን ገዛን። በድሮው ቴሌቪዥን ወደን ያየነውን ፊልም በአዲሱ ስናየው ግን ፊልም አልመስል አለን። ሰዎቹ ሲራመዱ የሚንሸራተቱ ይመስላሉ፤ ሁሉ ነገር ስቱዲዮ ውስጥ የተቀረጸ ተራ ድራማ ሆነብን። ባለቤቴ «ቅጂው ነው» ይላል፣ እኔ ቴሌቪዥኑን ነው የምጠረጥረው። (ወ/ሮ ሀ.፣ ከቱሉ ዲምቱ)

መልስ፦ ጥርጣሬዎ ልክ ነው። ፊልም የሚቀረጸው በአብዛኛው በሰከንድ 24 ምስል ነው። የዛሬ ቴሌቪዥኖች ስክሪናቸውን በሰከንድ 50፣ 60 ወይም 120 ጊዜ ስለሚያድሱ፣ በሁለት እውነተኛ ምስሎች መካከል ያለውን ክፍተት ራሳቸው በፈጠሩት ምስል ይሞሉታል። ለእግር ኳስ ደግ ነው፤ ኳሱ ጭራ ሳያወጣ ይታያል። ፊልም ላይ ግን ያንን የሚንሸራተት ነገር ያመጣል። በተለይ ሰው በአጥር ወይም በዛፍ ፊት ሲያልፍ የትከሻው ጠርዝ ሲርገበገብ ካዩ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግዎትም።

ማጥፊያው «ፒክቸር» ውስጥ፣ «አድቫንስድ» ወይም «ኤክስፐርት» በሚለው ስር ተደብቆ ነው የሚገኘው። ስሙ እንደ ፋብሪካው ይለያያል። ሶኒ «ሞሽንፍሎው»፣ ኤልጂ «ትሩሞሽን»፣ ሳምሰንግ «አውቶ ሞሽን ፕላስ» ወይም «ፒክቸር ክላሪቲ» ይሉታል። ኦፍ ያድርጉት። «ፊልም ሜከር ሞድ» የሚል ምርጫ ካለው እሱን መምረጥ ብቻ ይበቃል፣ ይህንን ሁሉ ራሱ ያጠፋል።

እዚያው እያሉ «ቪቪድ» ወይም «ዳይናሚክ» ላይ መሆኑን ይዩ። ይህ ቀለም ሱቅ ውስጥ ከሌሎቹ ደምቆ ገዢ እንዲጠራ የተሠራ ነው። ሳሎን ውስጥ የሰው ፊት ብርቱካናማ፣ ነጭ ነጠላ ደግሞ ሰማያዊ ይሆንበታል። «ሙቪ» ወይም «ሲኒማ» የሚለውን ይምረጡ። መጀመሪያ ቢጫና ደብዛዛ መስሎ ያስከፋዎታል፤ ሁለት ሦስት ምሽት ይታገሡት፣ ዓይን ይለምደዋል። «ሻርፕነስ» የሚለውንም በጽሑፍ ጠርዝ ላይ ያለው ነጭ ጥላ እስኪጠፋ ዝቅ ያድርጉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። ማስተካከያው በብዙ ቴሌቪዥኖች ላይ ለእያንዳንዱ መግቢያ ለየብቻው ነው የሚቀመጠው። በሪሲቨሩ ኤችዲኤምአይ ላይ ያጠፉት ፍላሽ ሲሰኩ ወይም ዩቲዩብ ሲከፍቱ እንደገና በርቶ ያገኙታል። በሦስቱም ላይ ይድገሙት።

ጥያቄ፦ ቤታችን ቆርቆሮ ነው። ክረምት ሲገባ ዝናቡ ጣሪያውን ሲመታው የተዋናዮቹ ንግግር ጭራሽ አይሰማም። ድምፅ ስንጨምር ደግሞ ማጀቢያ ሙዚቃው ሰፈር ይቀሰቅሳል። ባይዘንብም ቢሆን የውጭ ፊልም ላይ ንግግሩ ሁልጊዜ ያንሳል። መፍትሔ አለው? (አቶ መ.፣ ከለገጣፎ)

መልስ፦ ሁለት ችግር ተደራርቦብዎታል፣ ለየብቻ እንያቸው።

ንግግሩ የሚያንሰው ፊልሙ የተቀናበረው ለሲኒማ ቤት ስለሆነ ነው። 5.1 በሚባለው አሠራር ድምፁ በስድስት መስመር ይከፈላል፤ ንግግሩ ከሞላ ጎደል በሙሉ የሚቀመጠው በመሐለኛው ድምፅ ማጉያ ላይ ነው። እርስዎ ቤት መሐለኛ የለም። ቴሌቪዥኑ ስድስቱን ጨምቆ በሁለት ትንንሽ ድምፅ ማጉያ ሲያወጣቸው ፍንዳታውና ሙዚቃው ንግግሩን ይውጡታል። ስለዚህ መጀመሪያ ፊልሙ ራሱ ሁለት የድምፅ ትራክ እንዳለው ይመልከቱ። በሪሞቱ «ኦዲዮ» የሚለውን ሲጫኑ «ስቴሪዮ» ወይም «2.0» የሚል ከመጣ እሱን ይምረጡ። ሪሲቨሩ ላይ የድምፅ መውጫውን «ፒሲኤም» ያድርጉት። ከዚያ የቴሌቪዥኑ የድምፅ ማስተካከያ ውስጥ «ክሊር ቮይስ»፣ «ዳያሎግ» ወይም «ስፒች» የሚል ይፈልጉ። «አውቶ ቮልዩም» ወይም «ናይት ሞድ» የሚባለው ደግሞ ጩኸቱን ዝቅ፣ ሹክሹክታውን ከፍ ያደርጋል። የፊልም አዋቂዎች አይወዱትም፤ ልጅ የተኛበት ቤት ግን ከዚህ የተሻለ ነገር የለም። ኢኳላይዘር ካለው ከ1 እስከ 4 ኪሎኸርትዝ ያለውን ሁለት ሦስት ደረጃ ከፍ፣ 100 ኸርትዝ አካባቢ ያለውን በዚያው ልክ ዝቅ ያድርጉ። የንግግር ጥራት የሚኖረው በመጀመሪያው ውስጥ ነው፤ ሁለተኛው ጉርምርምታ ብቻ ነው።

ቴሌቪዥኑ የት ነው የተቀመጠው? ቡፌ ውስጥ ከሆነ ያውጡት። የጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ድምፅ ማጉያ ወደ ታች ወይም ወደ ኋላ ነው የሚያየው፤ ቡፌው ውስጥ ሲገባ ድምፁ ከጀርባው እንጨት ጋር ተጋጭቶ ታፍኖ ይወጣል። ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ፣ ከፊተኛው ጠርዝ እኩል አድርገው ያስቀምጡት። ከላይ የተደረበው ዳንቴልም ይነሣ። ወርዶ ሲንጠለጠል የሪሞቱን መቀበያ ይጋርዳል፤ ከኋላ ያለውን የሙቀት መውጫም ይዘጋል።

ወደ ጣሪያው እንምጣ። ባዶ ቆርቆሮ ጠብታው ሲመታው ራሱ ይንቀጠቀጣል፤ ጩኸቱ ከዚያ ነው። ሚስማሩ የላላበት ቦታ ደግሞ ከሌላው አብልጦ ይጮኻል፤ በበጋ ጣሪያ ላይ አስወጥቶ ማስመታት ርካሹ እርምጃ ነው። ዋናው ለውጥ የሚመጣው ከኮርኒስ ነው። የአቡጀዲ ኮርኒስ አቧራ ይይዛል እንጂ ድምፅ አያቆምም። ቺፑድ ወይም ጂፕሰም ክብደት ስላለው ያቆማል፤ ስንጥቁና ዳሩ በደንብ ከተደፈነ ደግሞ የበለጠ። ወጪው ለዘንድሮ ካልተቻለ ድምፅ ማጉያውን ወደ ተመልካቹ ማቅረብ ነው። ትንሽ ድምፅ ማጉያ በሽቦ ከቴሌቪዥኑ አውጥተው ከሶፋው አንድ ሜትር ላይ ቢያስቀምጡት፣ 3 ሜትር ርቆ ካለ ትልቅ ድምፅ ማጉያ ይልቅ ንግግሩ ይለያል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን ከሰዓት በኋላ የትርጉም ጽሑፍ ማብራት አያሳፍርም።

ጥያቄ፦ ከቪዲዮ ቤት ፍላሽ ላይ ያስጫንኩት ፊልም ምስሉ ይታያል፣ ድምፅ የለውም። ስልኬ ላይ ግን ይሰማል። ጫኙ ልጅ «ቴሌቪዥንህ ተበላሽቷል» አለኝ። (ከሰበታ)

መልስ፦ አልተበላሸም። የፊልሙ ድምፅ የታሸገው ዲቲኤስ በሚባል ዓይነት ነው፤ ብዙ ቴሌቪዥኖች ይህንን መፍታት አይችሉም። ሳምሰንግ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ከ2018 ሞዴሎቹ ጀምሮ አስወጥቶታል። ስልክህ ላይ ያለው ማጫወቻ ግን ይፈታዋል። በፋይሉ ስም ውስጥ የዲቲኤስን ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደላት ካየህ ሌላ ቅጂ ጠይቅ፣ «ኤኤሲ» ወይም «ኤሲ3» የሚል። ሌላ ከሌለ ጫኙ ኮምፒውተሩ ላይ ድምፁን ብቻ ወደ ኤኤሲ ይቀይርልህ። ምስሉ ሳይነካ እንዳለ ስለሚገለበጥ የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ «ሙሉ ሌሊት ይፈጃል» ካለህ ምስሉንም አብሮ እየቀየረ ነውና አስቁመው።

ምስሉ ጭራሽ እምቢ ካለና «ፎርማቱ አይደገፍም» የሚል ከመጣ ፋይሉ ብዙ ጊዜ ኤች.265 በሚባል የምስል አጨማመቅ የተሠራ ነው፤ የቆዩ ቴሌቪዥኖች የሚያውቁት ኤች.264ን ነው። ትልቅ ፊልም ሲገለበጥ መሐል ላይ «ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው» የሚል ከመጣ ደግሞ ፍላሹ ፋት32 ስለሆነ ነው፤ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም። ወደ ኤንቲኤፍኤስ ወይም ኤክስፋት ይቀየር፤ ቴሌቪዥንህ የትኛውን እንደሚያነብ በትንሽ ፋይል ቀድመህ ሞክር። ሲቀየር በላዩ ያለው ሁሉ እንደሚጠፋ አትርሳ።

በዚሁ አጋጣሚ፣ የአማርኛ የትርጉም ጽሑፍ ሲጭኑ አራት ማዕዘን ሳጥን ብቻ እንደሚመጣባቸው የጻፉልን አሉ። የጽሑፉ ፋይል ስሙ ከፊልሙ ጋር አንድ መሆን አለበት፤ ሲቀመጥም በዩቲኤፍ-8 ይሁን። ይህ ሁሉ ተደርጎ ሳጥኑ ካልጠፋ ቴሌቪዥኑ የግዕዝ ፊደል የለውም፤ በምንም ማስተካከያ አይመጣም። ያኔ ያለው መንገድ ሃንድብሬክ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ጽሑፉን ምስሉ ላይ ማተም ነው፤ ይኼኛው እውነትም ሰዓት ይፈጃል።

ጥያቄ፦ የኢትዮሳት ዲሽ አለን። ደመና ሲመጣ ገና ሳይዘንብ ይቆራረጣል፤ ከዘነበ በኋላም ግማሽ ቀን ሳይመለስ ይቀራል። የጎረቤታችን ግን አይነካውም። ዲሽ ሰሪ ሁለት ጊዜ መጥቶ «ኤልኤንቢ ይቀየር» እያለ ሄደ። (አቶ ደ.፣ ከቡራዩ)

መልስ፦ ኤልኤንቢ (ከሳህኑ ፊት ለፊት ያለው የምልክት መቀበያ) ከመግዛትዎ በፊት ይህንን ያንብቡ፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው።

ኃይለኛ ዶፍ በወረደበት ሰዓት ምስሉ ለአሥር ለአሥራ አምስት ደቂቃ ቢጠፋ ጤነኛ ነው፤ የውኃው ጠብታ የሳተላይቱን ምልክት ይመጠዋል። በካፊያ ከጠፋ ግን ዲሹ ድሮም በጥሩ ቀን ጫፍ ላይ ነበር ማለት ነው። ዝናቡ ቆሞ ሳይመለስ ሲቀር ደግሞ ውኃ የሆነ ቦታ ገብቷል። እርስዎ ሁለቱም አለብዎት።

ከውኃው ይጀምሩ። ሪሲቨሩን ከሶኬት ነቅለው ከኤልኤንቢው ላይ ያለውን ኮኔክተር ይፍቱ። መሐሉ ያለው መዳብ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ከሆነ፣ ነጩ ፕላስቲክ ከረጠበ፣ ተገኝቷል። ገመዱን ቢያንስ 20 ሴንቲሜትር ቆርጠው፣ ንጹሕ መዳብ እስኪመጣ ድረስ ከሆነም ከዚያ በላይ፣ አዲስ ኮኔክተር ያስገቡ። የሽቦው መረብ አንድ ክር እንኳ መሐለኛውን መዳብ እንዳይነካ። ገመዱ ከኮኔክተሩ ወደ ታች ወርዶ ጎበጥ ብሎ ይመለስ፤ ውኃው ከጉብጠቱ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ወደ ውስጥ አይሄድም። የጎማ መሸፈኛ ከሌለ ቴፕ ከታች ወደ ላይ ይጠቅለል።

ይህ ለኢትዮሳት በተለይ የሚያስቸግርበት ምክንያት አለ። ሪሲቨሩ ለኤልኤንቢው በዚያው ገመድ ኃይል ይልካል፦ ለቨርቲካል (ቀጥ ብሎ ለሚመጣው ምልክት) 13 ቮልት፣ ለሆሪዞንታል (አግድም ለሚመጣው) 18። ቻናሎቹ ያሉባቸው እንደ 11545 እና 11605 ያሉት ፍሪኩዌንሲዎች (ሲምቦል ሬት 45000) ሆሪዞንታል ናቸው። የዛገ ኮኔክተር ወይም ቀጭን ረጅም ገመድ ቮልቱን ሲያወርደው ኤልኤንቢው ወደ ቨርቲካል ይገለበጣል፤ ቻናሎቹ በአንድ ጊዜ ይጠፋሉ። ሰሪው ኤልኤንቢው ሞቷል የሚለው ይህንን ዓይቶ ነው። ማስተካከያው ውስጥ ኤልኤንቢው 9750/10600፣ «22ኬ» ደግሞ ኦፍ ወይም አውቶ መሆኑንም ይመልከቱ።

አሁን አቅጣጫው። ሳተላይቱ ያለው በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ነው። ከአዲስ አበባና ከዙሪያዋ ሲታይ አቅጣጫው 115 ዲግሪ፣ ከፍታው 66 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ፊትዎን ወደ ምሥራቅ አዙረው ወደ ቀኝ 25 ዲግሪ ይዙሩ። የስልክ ኮምፓስ ሲጠቀሙ ከብረት ምሰሶውና ከቆርቆሮው ሁለት ሦስት ሜትር ይራቁ፣ አለበለዚያ ይዋሻል። ከፍታው ትልቅ ስለሆነ ዛፍ ብዙ አያሰጋም። ከዲሹ 10 ሜትር ከፍ የሚል ባሕር ዛፍ 4 ሜትር ተኩል ከራቀ አይጋርድም። ስለዚህ የጎረቤት ዛፍ ይቆረጥልኝ ብለው ከመጣላትዎ በፊት በሜትር ይለኩ።

ሰሪዎች በጥድፊያ የሚያልፉት የኤልኤንቢውን ሽክርክሪት ነው። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንንና ሳተላይቱ በጎን በኩል ስላለ፣ ኤልኤንቢው ከ60 ዲግሪ በላይ መዞር አለበት። ብዙ ጣሪያ ላይ ግን ቀጥ ብሎ እንደተሰካ ይታያል። ከዲሹ ጀርባ ቆመው ሳተላይቱ ወዳለበት ሲያዩ፣ ገመዱ የሚገባበት ጫፍ ወደ መሬት ሳይሆን በግድግዳ ሰዓት 4 ቁጥር ወዳለችበት ማየት አለበት። ማሰሪያውን አላልተው፣ የሪሲቨሩን የሲግናል ገጽ ከፍተው፣ አንድ ሰው ቁጥሩን እየጠራልዎት በጥቂት በጥቂቱ ያዙሩት። የሚያዩት «ኳሊቲ» የሚለውን እንጂ «ስትሬንግዝ» የሚለውን አይደለም፤ ስትሬንግዝ ዲሹ ወደ መሬት ቢያይም ከፍ ብሎ ሊቀመጥ ይችላል።

ኤልኤንቢው ከተስተካከለ በኋላ ሳህኑን ራሱን ይሞክሩ። 90 ሴንቲሜትር ሳህን ጠርዙ አንድ ሴንቲሜትር ከተገፋ ከ1 ዲግሪ በላይ ዞሯል፤ የምልክቱ ግማሽ የሚሄደው በዚያ ነው። ጠርዙን በእጅዎ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ ወደ ላይ፣ ወደ ታች በቀስታ ይግፉት። በአንዱ አቅጣጫ ኳሊቲው ከጨመረ ሳህኑ አልተስተካከለም። ብሎኑ ሲጠብቅ ስለሚሸሽ እያፈራረቁ ያጥብቁ፤ አንዱን ጨርሰው ወደ ሌላው አይሂዱ። ይህ ሁሉ ተደርጎ በመካከለኛ ዝናብ ከጠፋ ሳህኑ ትንሽ ነው። ባለ 90 ሴንቲሜትሩ ከባለ 60ው ከ2 እጥፍ በላይ ምልክት ይሰበስባል፤ የጎረቤትዎም ምስጢር እሱ ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር ብቻ አያስደንግጥዎት። በመስቀል ሰሞንና በመጋቢት መጀመሪያ ሳምንት አካባቢ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለ ከጠዋቱ 5 ሰዓት ገደማ ለጥቂት ደቂቃ ምስሉ ይሄዳል። ፀሐይ በትክክል ከሳተላይቱ ጀርባ ስትገባ ነው። ለጥቂት ቀን ተመላልሶ በራሱ ይተዋል፤ ሰሪ አይጥሩ።

ጥያቄ፦ ወደ አማርኛ የተመለሱ ተከታታይ ድራማዎች ስናይ ከንፈርና ድምፅ አይገጥምም። ከቴሌቪዥናችን ነው ወይስ ሥራው እንዲያ ነው? (እናትና ልጅ፣ ከኮዬ ፈጬ)

መልስ፦ መለያው ቀላል ነው። በቀጥታ ዜና የምታነብ ጋዜጠኛ ተመልከቱ። «በ»፣ «መ» እና «ጰ» የሚሉት ድምፆች ከንፈር ካልተዘጋ አይወጡም። ከንፈሯ ከተከፈተ በኋላ ድምፁ ከመጣ ችግሩ እቤታችሁ ነው። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የብሉቱዝ ድምፅ ማጉያ ነው፤ ድምፁን ከ0.1 እስከ 0.2 ሰከንድ ያዘገየዋል። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው «ኤቪ ሲንክ» ወይም «ኦዲዮ ዲሌይ» በብዙዎቹ ላይ ድምፁን ያዘገያል እንጂ አያስቀድምም፤ ስለዚህ ለብሉቱዝ አይረዳም። በሽቦ አገናኙት፣ ይድናል።

ጋዜጠኛዋ ገጥማ ድራማው ካልገጠመ ሥራው ነው። ቃና እ.ኤ.አ. በ2016 ከጀመረ ወዲህ ተመልካቹ የተመለሰ ድራማ ለምዷል፣ ጆሮውም ስሏል። ጥሩ የድምፅ ትርጉም ሥራ የሚባለው ሙሉ ለሙሉ የገጠመው አይደለም፤ እሱማ አይገኝም። ተዋናዩ አፉን ዘግቶ ሳለ ድምፅ ካልወጣ፣ ንግግሩ አፉ መንቀሳቀስ ሲጀምር ጀምሮ ሲያቆም ካቆመ፣ ዓይን ይቅር ይላል። እኛን የበለጠ የሚያሳዝነን የድባቡ ድምፅ መጥፋት ነው። ዋናው ባለቤት ሙዚቃውንና የአካባቢውን ድምፅ ከንግግሩ ለይቶ ካልሰጠ፣ አዲሱ ንግግር ሲተካ የእግሩ ኮቴ፣ የሲኒው ኳኳታ፣ የበሩ ድምፅ አብሮ ይጠፋል። ሰዎቹ ባዶ ክፍል ውስጥ የሚያወሩ የሚመስለው በዚያ ነው። ሲኒ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ አዳምጡ፤ ካልተሰማ የማስተካከያ ሪሞት የለውም።

ጥያቄ፦ ስክሪኑ ከላይና ከታች ጥቁር ይሆንብኛል። ሙሉ ሆኖ እንዲታይ እንዴት ላድርገው? (ከሱሉልታ)

መልስ፦ ይተዉት። ፊልሙ የተቀረጸው ከቴሌቪዥንዎ ይልቅ ጎኑ እንዲሰፋ ነው። 43 ኢንች ስክሪን 95 ሴንቲሜትር ይሰፋል፣ 53 ተኩል ይረዝማል። 2.39 ለ1 የተቀረጸ ፊልም ደግሞ በዚያ ስፋት 40 ሴንቲሜትር ብቻ ነው የሚረዝመው፤ ስለዚህ ከላይም ከታችም ወደ 7 ሴንቲሜትር ጥቁር ይቀራል። «ዙም» ሲያደርጉ ግራና ቀኙ ይቆረጣል፤ የሚያወራው ሰው ከስክሪኑ ሊወጣ ይችላል። ግራና ቀኙ ጥቁር የሚሆነው የድሮ የኢቲቪ ድራማም 4 ለ3 የተቀረጸ ስለሆነ ነው። ከተለጠጠ ሁሉም ሰው ይወፍራል።

ጥያቄ፦ በሰፈራችን መብራት ይዋዥቃል፣ ፊልሙ ሊያልቅ ሲል ይጠፋል። ስታቢላይዘር ልግዛ ወይስ ዩፒኤስ? (አቶ ተ.፣ ከገላን)

መልስ፦ የሁለቱ ሥራ ይለያያል። ማታ ቮልቱ የሚወርደው ከትራንስፎርመሩ በራቀ መስመር ላይ ብዙ ቤት ምጣድ ሲጥድ ነው፤ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎዋት በላይ ይወስዳል። የዛሬ ቴሌቪዥን ግን ጀርባው ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ መውረዱን ይችለዋል። የሚገድለው የመብራት መምጣት ነው፤ በተመለሰበት ቅጽበት ቮልቱ ከ220 በላይ ይዘላል። ስለዚህ ስታቢላይዘር ሲገዙ የሚጠይቁት ከፍተኛ ሲመጣ ይቆርጣል ወይ፣ ከተመለሰ በኋላስ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይቆያል ወይ ብለው ነው። ለቴሌቪዥንና ለሪሲቨር 1000 ቪኤ ከበቂ በላይ ነው፤ ፍሪጅ አብረው አይሰኩበት። እሱ ከሌለ መብራት እንደጠፋ ዲቫይደሩን ከግድግዳው መንቀል በነፃ የሚገኝ መከላከያ ነው። በሪሞት ማጥፋት አይቆጠርም። ነጎድጓድ ሲመጣ የዲሹንም ገመድ ከሪሲቨሩ ይፍቱ፤ መብረቅ በሶኬት ብቻ አይገባም።

ፊልሙን ለመጨረስ ዩፒኤስ ነው የሚያስፈልግዎት። ተራው 650 ቪኤ ውስጡ 12 ቮልት 7 አምፒርአወር ባትሪ አለው፣ 84 ዋትአወር ማለት ነው። በእንዲህ ዓይነት አጠቃቀም ከግማሽ ትንሽ ያነሰ ብቻ ነው የሚያወጣው። 32 ኢንች ቴሌቪዥን 40 ዋት፣ ሪሲቨሩ 10 ዋት ከወሰዱ ባትሪው አዲስ ሳለ 45 ደቂቃ ያህል ያገኛሉ። የስክሪኑን ብርሃን በግማሽ ቢቀንሱት ጊዜው ይረዝማል፤ ኤልኢዲ ስክሪን ላይ አብዛኛውን ኃይል የሚበላው የኋላ መብራቱ ነው። ባትሪው ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ ይደክማል፤ ዩፒኤሱን አይጣሉት፣ ባትሪውን ብቻ ይቀይሩ።

ጥያቄ፦ የአማርኛ ፊልም ዩቲዩብ ላይ ስናይ ዳታ ይበላብናል፣ ጥራቱም አያምርም። ደግሞስ የአብዛኞቹ ድምፅ ለምንድን ነው የሚያስተጋባው? (ተማሪ፣ ከየካ አባዶ)

መልስ፦ ዳታው በመረጥሽው ጥራት ነው የሚወሰነው። በግምት አንድ ሰዓት በ360 ከ300 እስከ 400 ሜጋባይት፣ በ720 ከ1 እስከ 1.5 ጊጋባይት፣ በ1080 ደግሞ ከ2 ጊጋባይት ያላነሰ ይፈጃል። «አውቶ» ላይ ከተውሽው ኔትወርኩ ጥሩ በሆነ ቁጥር ከፍ እያደረገ ይጨርሰዋል። ብዙዎቹ የቆዩ ፊልሞች የተጫኑት ከቪሲዲ ነው፤ የቪሲዲ ምስል 352 በ288 ነጥብ ብቻ ነው። ያንን በ1080 ማየት ለሌለ ዝርዝር ዳታ መክፈል ነው። 360 ላይ አድርገሽ ከቴሌቪዥኑ ትንሽ ራቅ በይ።

ስለ ድምፁ የጠየቅሽው ግን ከቤትሽ ጋር ግንኙነት የለውም። ማስተጋባቱ የሚመጣው ሴራሚክ በተነጠፈበትና መጋረጃ በሌለበት ትልቅ የቪላ ሳሎን ውስጥ፣ ማይክራፎኑ ካሜራው ላይ ሆኖ ሲቀረጽ ነው። ማይኩ ከተዋናዩ ሦስት ሜትር ሲርቅ ከአፉ የወጣውን ያህል ከግድግዳ የተመለሰውንም ይቀዳል። ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር የሆነ ወፍራም ብርድ ልብስ ከካሜራው ዕይታ ውጭ መስቀል ብቻ ብዙ ያስተካክል ነበር። ሁለተኛው ጥፋት የኤዲቲንግ ነው። አንዱ ሲያወራ ፍሪጅ ይጮኻል፣ ሌላው ሲመልስ ጸጥ ይላል፣ ወደ መጀመሪያው ሲመለስ ደግሞ ይጮኻል። የክፍሉን ባዶ ድምፅ ለግማሽ ደቂቃ ቀድቶ ከሥር ማንጠፍ ይህንን ይሸፍነዋል፤ ወጪ የለውም፣ ትዕግሥት ነው የሚጠይቀው። ሦስተኛው ማጀቢያ ሙዚቃ ነው። ተዋናይዋ ማልቀስ ሳትጀምር ክራሩ ያለቅሳል፤ ንግግሩንም ይሸፍነዋል።

ፊልም የሚመረጥ ከሆነ ፖስተሩንና የተዋናዩን ስም ተዪና የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች ዓይንሽን ጨፍነሽ አዳምጪ። ንግግሩ ከተለየ፣ የክፍሉ ድምፅ ከአንዱ ቁራጭ ወደ ሌላው ካልተለዋወጠ፣ ሠሪዎቹ ሌላውም ላይ ተጠንቅቀዋል፤ ከከተማው በላይ በድሮን የተነሣውን ረጅም መግቢያ ታግሠሽ እለፊው። ካልሆነ ግን በ360 አንድ ሰዓት ከሚፈጀው 300 ሜጋባይት ውስጥ የወጣብሽ 50 ብቻ ነው።